ስሙ የማይጠራው ተጫዋች፦ ጄሰን ኬልሲ ከሃይስኩል እስከ ኮሌጅ

የአሜሪካ ፉትቦል በቲቪ ሲታይ ዓይን የሚከተለው ኳሷን ነው። ኳርተርባኩ ይወረውራል፣ አንዱ ሮጦ ይቀልባል፣ ስታዲየሙ በጩኸት ይናጋል። ኳሷ ከመወርወሯ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ግን አምስት ግዙፍ ሰዎች ከፊት ቆመው ከሌሎች ግዙፎች ጋር ይተናነቃሉ። እነሱ ለአፍታ ቢዘናጉ ኳርተርባኩ ክንዱን ሳያነሳ መሬት ላይ ይዘረራል። የአጥቂው ቡድን መስመር የሚባለው እነዚህ አምስቱ ናቸው። እያንዳንዳቸው ላይንማን ይባላሉ።

ስለ ኳርተርባክ ብዙ ይወራል። ስለ ላይንማን የሚወራው ሲሳሳት ነው። በሠርግ ቤት ወጥ ሠሪዋን ማንም አያስታውሳትም፤ ወጡ ካረረ ግን ከሙሽራዋ በላይ የሚነሳው የእሷ ስም ነው። የላይንማንም ነገር እንደዚያው ነው። ዳኛው ቁጥሩን በማይክሮፎን ከጠራ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት አለ ማለት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይህን ነገር ብታውቁት ደስ ይለኛል። ልጁ ሃይስኩል ገብቶ ቁመቱ ሲመዘዝ፣ ትከሻው ሲሰፋ፣ አሰልጣኙ ላይን ላይ እንዲጫወት ይጠይቀዋል። ቤት መጥቶ ሲናገር ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረው ሰው የለም። አንዳንዱ ወላጅ «ወፍራም ነህ ብለው ነው እዚያ የወረወሩህ» ብሎ ያዝናል። እንደዚያ አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ላስረዳ።

የማስረዳው በአንድ ሰው መንገድ ነው። ሰውየው ጄሰን ኬልሲ ይባላል። ለፊላደልፊያ ኢግልስ 13 ዓመት በሴንተርነት ተጫውቶ በማርች 2024 ጫማውን ሰቀለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታናሽ ወንድሙ ትራቪስ በቴይለር ስዊፍት ምክንያት ፉትቦል አይቶ የማያውቅ ሰው ሳይቀር የሚያውቀው ነው። ጄሰንን የመረጥኩት ግን በወንድሙ ምክንያት አይደለም። የእሱ መንገድ የአሜሪካን የሃይስኩልና የኮሌጅ ፉትቦል አሠራር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳያል። እኔ የማምነውንም ነገር ያስረዳልኛል፦ ላይንማን በ17 ዓመቱ አይታወቅም። ኮሌጅ ውስጥ፣ በዓመታት፣ ቀስ እያለ የሚሠራ ተጫዋች ነው።

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንይ።

በአንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው ሜዳ ላይ ይሆናል። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ያህል ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከተሳካለት ሌላ አራት ሙከራ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ኳሷን ያስረክባል። ከላይኑ መሃል ላይ የሚቆመው ሴንተር ነው። በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች አሉ። ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች ይቆማሉ። በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ለመወርወር ሲዞር ጀርባው ወደ ግራ ስለሚሆን የግራው ታክል ኳርተርባኩ የማያየውን ወገን ይጠብቃል። ለዚህም ነው የግራ ታክሎች ከሌሎቹ በላይ ሲፈለጉና ሲከፈላቸው የኖሩት።

ሕጉ ለላይንማን አይመችም። ኳስ ከመነሳቷ በፊት ትንሽ ንቅንቅ ካለ 5 ያርድ ይቀጣል። ተከላካዩን ከደረቱ ውጪ ጨምድዶ ከያዘው 10 ያርድ ይቀጣል። ኳስ በአየር በሚወረወርበት ጊዜ ከመስመሩ አልፎ ወደ ፊት መሄድ አይችልም፤ በፕሮፌሽናል ሊጉ የሚፈቀድለት 1 ያርድ፣ በኮሌጅ 3 ያርድ ነው። በተለመደው አሰላለፍ የሚወረወር ኳስ መቀበልም አይፈቀድለትም። ጎል ቢገባ ስሙ ጎል አግቢዎቹ ውስጥ የለም። ስንት ጊዜ በትክክል እንደመከተ የሚመዘግብ ይፋዊ ቁጥርም የለም።

አሁን አንድ ሙከራ ቀረብ ብለን እንይ። ሴንተሩ ጎንበስ ብሎ ኳሷን በአንድ እጁ ይዟል። ኳርተርባኩ ከኋላው አራት ተኩል ሜትር ያህል ርቆ ቆሟል። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ክፍተት የኳሷ ርዝመት ብቻ ነው፤ 28 ሴንቲሜትር ገደማ። ከዚያ ማዶ 150 ኪሎ የሚመዝን ተከላካይ እጁን ሣሩ ላይ ተክሎ ያፈጥበታል። ሴንተሩ ግን የሚያየው እሱን ብቻ አይደለም። ከተከላካዩ ጀርባ በሁለተኛው ረድፍ የቆሙትን ተከላካዮች፣ ላይንባከሮቹን፣ ይቆጥራል። ማን ወደ ፊት ሊመጣ፣ ማን ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ እንደሆነ ከአቋቋማቸው ይገምታል። አንዱን በጣቱ ያሳይና «ማይኩ 52 ነው!» ብሎ ይጮኻል። ማይክ የሚሉት የመሃሉን ላይንባከር ነው፤ የሁሉም ቆጠራ ከእሱ ይጀምራል። ጋርዶቹ ይሰማሉ፣ ለታክሎቹ ያስተላልፋሉ። በዚያች ቅጽበት አምስቱም ማን ማንን እንደሚይዝ አውቀዋል።

ከዚያ ስናፕ አለ። ሴንተሩ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ይልካል። ከጣቱ ስትወጣ የተከላካዩ ሁለት እጆች ደረቱ ላይ ደርሰዋል። የእሱ አንድ እጅ ግን ገና ከእግሮቹ መሃል አልወጣም። ስለዚህ የሚያድነው እግሩ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ አጭር ነው፣ ከስንዝር አይበልጥም። ዳሌው ዝቅ ይላል። በተራው እጁን ከተከላካዩ ክንዶች በታች አስገብቶ ደረቱን ይይዛል። ዝቅ ያለው ያሸንፋል፤ ቀና ያለው ይገፋል። ይህ ሁሉ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። በአንድ ጨዋታ ውስጥ 60 እና 70 ጊዜ ይደጋገማል።

ወፍራም የሆነ ሁሉ ይችለዋል የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል። ክብደት ያስፈልጋል፤ ግን ክብደቱን ተሸክሞ እንደ ዳንሰኛ የሚረግጥ እግርና በጩኸት መሃል የሚያስብ ጭንቅላት ከሌለ ክብደቱ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ኬልሲ ሃይስኩል ውስጥ ላይንማን አልነበረም። በ1987 ኦሃዮ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ክሊቭላንድ ከተማ አጠገብ ባለችው ክሊቭላንድ ሃይትስ ነው። እዚያው ባለው ሃይስኩል ራኒንግ ባክና ላይንባከር ሆኖ ተጫወተ። አንዱ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ነው፣ ሌላው ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የሚጥል። ከፉትቦሉ ሌላ የበረዶ ሆኪና ላክሮስ ይጫወት ነበር። በትምህርት ቤቱ የጃዝ ባንድ ውስጥም ባሪቶን ሳክስፎን ይነፋ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ወላጅ ልጁ አንድ ስፖርት መርጦ ዓመቱን ሙሉ በዚያው ላይ ቢሠራ ይሻላል ብሎ ያስባል። የአሜሪካ ሃይስኩል ግን ዓመቱን በወቅት ከፋፍሎታል። ፉትቦል በበልግ ነው፣ ከኦገስት እስከ ኖቬምበር። ክረምት ላይ ቅርጫት ኳስ፣ ትግልና ሆኪ አለ። ጸደይ ላይ አትሌቲክስና ላክሮስ ይመጣል። የላይን አሰልጣኞች ብዙ ስፖርት የሚጫወት ልጅ ይወዳሉ። ሆኪ ሚዛን ያስተምራል። ትግል ዳሌ ዝቅ አድርጎ ሰው መግፋትን ያስተምራል። አሎሎ ውርወራ ከእግር ተነስቶ እስከ እጅ የሚደርስ ጉልበት ይሠራል። ለክሊቭላንድ ብራውንስ የተጫወተው ታላቁ ታክል ጆ ቶማስ ዊስኮንሲን ውስጥ አሎሎ ወርዋሪ ነበር። ኬልሲ ኋላ ሴንተር ሆኖ መስመሩን ለቆ ወደ ዳር እየሮጠ ተከላካይ ሲያነጥፍ ያየ ሰው፣ ያ ቅልጥፍና ከየት እንደመጣ ለመገመት አይቸገርም።

የሃይስኩል ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ ነው። ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ብዙ ተጫዋች ስለሌላቸው አንዱ ልጅ ሲያጠቁም ሲከላከሉም ሜዳ ላይ ይቆያል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ለጀማሪዎች ቡድን ይጫወታል። ቀጥሎ ጁኒየር ቫርሲቲ ይመጣል፣ ከዚያ ዋናው ቡድን ቫርሲቲ። የኮሌጅ መልማዮች መምጣት የሚጀምሩት በአብዛኛው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልመላው ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ልጆችን በኮከብ የሚመዝኑ ድርጅቶች አሉ፤ ከሁሉ የበላዩ አምስት ኮከብ ነው። ራኒንግ ባክ ከሆነ ስንት ያርድ እንደሮጠ ይታያል። ኳርተርባክ ከሆነ ስንት ኳስ እንዳደረሰ ይቆጠራል። ላይንማን ምን ይቆጠርለት? ቁመቱና ክንዱ ይለካል። ቪዲዮው ይታያል። አሰልጣኙ እግሩን ያያል፣ ዳሌውን ያያል፣ ሰውነቱ ገና ምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል ይገምታል። የሚጠየቀው ዛሬ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ አይደለም፤ 22 ዓመት ሲሞላው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ከአሥራዎቹ ዕድሜ ያልወጣ ልጅ ላይ እንዲህ ዓይነት ግምት ብዙ ጊዜ ይስታል።

አንዳንዴ ግን ልክ ይሆናል። ፔኔይ ሱዌል በ2000 አሜሪካን ሳሞዋ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ በ2012 ወደ ሴንት ጆርጅ፣ ዩታ ሄደ። ሃይስኩሉን እዚያ ጨርሶ በ2018 ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገና 17 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመቱ የግራ ታክል ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። በሁለተኛው ዓመቱ የአውትላንድ ዋንጫን ወሰደ። ይህ ሽልማት ከ1946 ጀምሮ በኮሌጅ ፉትቦል ለምርጡ የመስመር ተጫዋች የሚሰጥ ነው። በ2021 የፕሮፌሽናሉ ቡድን ዲትሮይት ላየንስ ከኮሌጅ ከወጡት ሁሉ በሰባተኛ ምርጫ ወሰደው። እንዲህ ዓይነት ልጅ በጣም ጥቂት ነው። በ17 ዓመቱ ከ22 ዓመት ጎልማሳ ጋር ተጋፍቶ የሚቆም ሰውነት ከብዙ ሺዎች አንዱ ነው ያለው። ወላጅ ልጁን ከሱዌል ጋር እያወዳደረ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ኬልሲ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ሲገባ ስኮላርሺፕ አልነበረውም። የገባው ዎክ ኦን ሆኖ ነው። ይህ ማለት ትምህርቱን እንደማንኛውም ተማሪ እየከፈለ በቡድኑ ውስጥ ልምምድ ይሠራል ማለት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ የኮሌጅ ቡድን ስኮላርሺፕ መስጠት የሚችለው ለ85 ተጫዋቾች ነበር። ከዚያ በላይ ያሉት ዎክ ኦን ናቸው። ስኮላርሺፕ ያለው ተጫዋች የሚሠራውን ሁሉ ይሠራሉ፤ ጎህ ሳይቀድ ክብደት ማንሳት፣ ስብሰባ፣ ቪዲዮ ማጥናት፣ ልምምድ። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር ግን ብዙዎቹ ከሜዳው ዳር ይቆማሉ። በሳምንቱ ውስጥ ሥራቸው የተጋጣሚውን ቡድን ሆነው ዋናዎቹን ማለማመድ ነው። አሰልጣኙ ካመነበት ኋላ ስኮላርሺፕ ሊሰጠው ይችላል። ግዴታ የለበትም።

የመጀመሪያውን ዓመት ኬልሲ አልተጫወተም፤ ሬድሸርት ተደረገ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኮሌጅ ተጫዋች አራት የጨዋታ ዘመን አለው፤ እነዚህን አራቱን የሚጠቀምባቸው አምስት ዓመታት ይሰጡታል። ስለዚህ አንዱን ዓመት ሳይጫወት ቢያሳልፍ አይቃጠልበትም። በዚያ ዓመት ይለማመዳል፣ ይበላል፣ ይማራል። ከ2018 ጀምሮ ሕጉ ላላ ብሎ ሬድሸርት የሆነ ልጅ እስከ አራት ጨዋታ ድረስ መሰለፍ ተፈቅዶለታል። ለላይንማን ይህች ዓመት ትልቅ ስጦታ ናት። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ «ልጄን ረሱት» ብሎ ይቆጣል። አልረሱትም፤ እያሳደጉት ነው።

በቀጣዩ ዓመት ሲንሲናቲን ይዞ የነበረው አዲስ አሰልጣኝ ብራያን ኬሊ ነው። ኬልሲ ከላይንባከርነት ወደ ፉልባክነት፣ ማለትም ኳስ ይዞ ለሚሮጠው መንገድ ወደሚከፍተው ቦታ፣ ከዚያ ወደ ላይን ተዛወረ። ይህን ለመቀበል ምን ያህል ትሕትና እንደሚጠይቅ አስቡት። ሃይስኩል ውስጥ ኳስ ይዞ ይሮጥ የነበረ ልጅ ነው። አሁን ኳስ ተቀብሎ የማይሮጥበት ቦታ ተሰጠው። እምቢ ብሎ ሌላ ትምህርት ቤት መፈለግ ይችል ነበር። እሺ አለ። በእኔ እይታ የሕይወቱ ትልቁ ውሳኔ ይህ ነው።

ውሳኔው በሰውነቱ ላይም ለውጥ ያመጣል። ላይንባከር ቀጠን ያለ፣ ፈጣን ነው። ላይንማን ለመሆን በብዙ ኪሎ መጨመር ያስፈልጋል። ክብደቱ ደግሞ በአንድ ክረምት ቅባት እየተበላ የሚመጣ መሆን የለበትም፤ እግሩን ያስረዋል። ጠዋት ክብደት ያነሳል፣ ይበላል። ክፍል ይገባል፣ ይበላል። ልምምድ ይሠራል፣ ይበላል። ከመተኛቱ በፊት እንደገና ይበላል። መጥገብ ከቀን ወደ ቀን ሥራ ይሆንበታል። ብዙ ላይንማኖች ጨዋታ ካቆሙ በኋላ በመጀመሪያ የሚያደርጉት እንደዚያ መብላትን መተው ነው። ጆ ቶማስ ጡረታ በወጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሶ ሌላ ሰው መስሎ ነበር።

ኬልሲ በ2008 እና በ2009 በግራ ጋርድነት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ። እነዚያ ለሲንሲናቲ ወርቃማ ዓመታት ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ቡድኑ ቦውል ከሚባሉት የውድድር ዘመን መዝጊያ ትልልቅ ጨዋታዎች አንዱ የሆነው ኦሬንጅ ቦውል ደረሰ። በሁለተኛው ደግሞ መደበኛውን ውድድር 12 ለ 0 ጨረሰ፤ አንድም አልተሸነፈም። በጃንዋሪ 2010 ሹገር ቦውል ላይ ግን ፍሎሪዳ 51 ለ 24 አሸነፈው። ሽንፈቱ ከባድ ነው፤ ሆኖም ስኮላርሺፕ ሳይኖረው የመጣ ልጅ በአገሪቱ ትልቅ ከሚባሉት መድረኮች በአንዱ ላይ ቋሚ ተሰላፊ ነበር።

በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ2010፣ ወደ ሴንተርነት ተዛወረ። አሁን የድሮው ነገር ሁሉ ጥቅም ላይ ዋለ። ላይንባከር ሆኖ ዓመታት ስላሳለፈ ላይንባከር ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ራኒንግ ባክ ስለነበረ ኳስ ይዞ የሚሮጠው ሰው የትኛውን ቀዳዳ እንደሚፈልግ ይገባዋል። ከሜዳው ሁሉ ይበልጥ ማሰብ የሚጠይቀው የላይን ቦታ ሴንተርነት ነው፤ እሱ ደግሞ ሜዳውን ከሦስትና ከአራት አቅጣጫ አይቶት ነበር። ቦታ መቀያየሩ ጊዜ ያባከነበት ይመስል ነበር። ኋላ ሲታይ ትምህርት ቤቱ ያ ነበር።

ከኮሌጅ ቀጥሎ ድራፍት አለ። ኤንኤፍኤል የሚባለው የፕሮፌሽናል ሊጉ 32 ቡድኖች በሰባት ዙር ተራ በተራ ተጫዋች ይመርጣሉ። ለመመረጥ ሃይስኩል ከጨረሱ ቢያንስ ሦስት ዓመት መሙላት አለበት። ከዚያ በፊት ኢንዲያናፖሊስ ላይ መለኪያ አለ፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ያነሳሉ፣ ሐኪም ያያቸዋል። በ2011 ኬልሲ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ያህል በ4.89 ሰከንድ ሮጠ። በዚያ ዓመት ከቀረቡት ላይንማኖች ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነበር። ክብደቱ ግን 127 ኪሎ ገደማ ነው። ለእኛ ዓይን ግዙፍ ነው፤ ለኤንኤፍኤል ላይን ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ ዙሮቹ እያለፉ ሄዱ። ኢግልስ በስድስተኛው ዙር በ191ኛ ምርጫ ወሰደው። የኢግልስ የላይን አሰልጣኝ ሃዋርድ ማድ ከክብደት ይልቅ ቅልጥፍና የሚያይ ሰው ነበር። ኬልሲ በመጀመሪያው ዓመቱ 16ቱንም ጨዋታ ተሰለፈ። ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ በሊጉ ምርጥ ሴንተርነት የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ገባ። በፌብሩዋሪ 2018 ኢግልስ ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸንፎ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ መሃል ላይ ኳሷን የሚያነሳው እሱ ነበር።

ስለ ጤና ሳላነሳ ባልፍ ትክክል አይመስለኝም። ላይንማን በእያንዳንዱ ሙከራ ከሰው ጋር ይላተማል። ከባድ ምት ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ትንንሹ ግጭት ግን በዓመት በሺዎች ይቆጠራል። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ111 የቀድሞ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾችን አንጎል መርምረው በ110ሩ ላይ ሲቲኢ የሚባለውን የአንጎል ጉዳት አገኙ። አንጎሎቹን የሰጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ አስቀድሞ ምልክት ያዩ ስለሆኑ ቁጥሩ ሁሉንም ተጫዋች አይወክልም። ቢሆንም ቸል የሚባል አይደለም። በ2009 ዋሽንግተን ስቴት ጭንቅላቱን የተመታ ታዳጊ ሐኪም ሳይፈቅድለት ወደ ሜዳ እንዳይመለስ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ከዚያ ሁሉም ስቴቶች የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ልጃችሁ የሚጫወት ከሆነ አሰልጣኙን በቀጥታ ጠይቁት፦ በሳምንት ስንት ቀን በሙሉ ግጭት ይለማመዳሉ? ልምምድ ላይ የሕክምና ባለሙያ አለ? ልጁ ራሱን ሲያዞረው ለማን ነው የሚናገረው? ይህን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው፤ ጥሩ አሰልጣኝም ደስ ብሎት ይመልሳል።

ጉልበትም አለ። ጆ ቶማስ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመቱን የጨረሰው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነው። ያውም የተጎዳው በላይን ላይ አልነበረም፤ ለተከላካይ ክፍሉ ሰው ጎድሎ ሊረዳ ገብቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ የአውትላንድን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2007 ድራፍት ሦስተኛ ተመረጠ። በዚያን ቀን ሌሎቹ ኒውዮርክ ሱፍ ለብሰው ሲቀመጡ እሱ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ እያጠመደ ነበር። ከዚያ በኋላ 10,363 ሙከራዎችን አንድም ሳያመልጠው በተከታታይ ተጫወተ።

ትምህርቱንም አትርሱ። ዲቪዚዮን አንድ በሚባለው ትልቁ ደረጃ ለመጫወት ልጁ ሃይስኩል ውስጥ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን መጨረስና በእነሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ማምጣት አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው ከዘጠነኛ ክፍል ነው። በ12ኛ ክፍል ነቅቶ ማስተካከል በጣም ይከብዳል። ዲቪዚዮን ሦስት ላይ ደግሞ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም፤ የሚገኘው እርዳታ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ ገቢ ነው። ይህን ሳያውቁ ቃል ሰምተው የሚደሰቱ ቤተሰቦች ኋላ ያዝናሉ።

ኬልሲ ካለፈበት ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ከ2018 ጀምሮ ተጫዋች ስሙን ትራንስፈር ፖርታል በሚባል መዝገብ ላይ አስገብቶ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መፈለግ ይችላል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። በጁን 2025 ደግሞ አንድ የፍርድ ቤት ስምምነት ጸድቆ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ በር ከፈተ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍትሕ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ በሚያስገባ ጨዋታ ላይ ጉልበቱን የሚሰጠው ልጅ ባዶ እጁን መቅረት አልነበረበትም።

በዚያው ስምምነት ውስጥ ግን ሌላ ነገር አለ። የ85ቱ ስኮላርሺፕ ገደብ ቀርቶ በምትኩ ስምምነቱን የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ቡድናቸው ከ105 ሰው እንዳይበልጥ ተደረገ። ቀድሞ ብዙ ቡድኖች ከዎክ ኦኖቹ ጋር ከዚያ በላይ ይይዙ ነበር። በወቅቱ ቡድን ውስጥ ለነበሩና ቦታ ለሚያጡ ልጆች ልዩ ሁኔታ ተፈቅዷል፤ ከእነሱ በኋላ ለሚመጡት ግን በሩ ጠቧል። አሰልጣኙ ዛሬ ጥቂት ቦታ ሲቀረው ምርጫ አለበት። ከፖርታል ሦስት ዓመት ተጫውቶ የመጣ፣ ሰውነቱ የዳበረ ላይንማን ሊወስድ ይችላል። ወይም ከሃይስኩል የመጣ፣ ቦታው ገና ያልታወቀ፣ ቀጠን ያለ ላይንባከር ይዞ ሁለት ዓመት ሊጠብቀው ይችላል። በ2006 ሲንሲናቲ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ልጅ ቦታ ነበረው።